የመጨረሻው መንጋጋ፦ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

በአል ዐዚዚያ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን በስልክ ያጫወተችንን እናካፍላችሁ። የመጨረሻው መንጋጋዋ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አበጠ። ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ «ጥርሱ ተጋድሟል፣ በቀዶ ጥገና ይውጣ» አላት። እርሷ ግን «ብተኛ ማን ይሠራልኛል? ወደ አገር ቢመልሱኝስ?» እያለች እንቅልፍ አጣች። ጭንቀቷ የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ነገሩን ጠያይቀን ጻፍንላችሁ።

ይህ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል። ዓረቦቹ «ድርስ አል ዐቅል» ይሉታል፤ ክሊኒክ ስትሄዱ ይህን ስም ያዙ። ቦታ ሲጠበው ድድ ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ተጋድሞ በግማሽ ይወጣል። ያን ጊዜ ምግብ ከሥሩ እየገባ ድዱ ያመረቅዛል። አንቲባዮቲክ እብጠቱን ያበርዳል እንጂ ጥርሱን ከቦታው አያነሣውም፤ ስለዚህ ሕመሙ ይመለሳል።

ታዲያ ሁሉም ይነቀል? አይደለም። በአገራችን ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ድዱ ተቀድዶ ጥርሱ ሲወጣ ያየን ሰዎች በከንቱ መቁረጥን ብንፈራ አይፈረድብንም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የሕክምና መመሪያም ያልታመመ ጥርስ እንዳይነካ ይመክራል። ሕመሙ አንድ ጊዜ በርትቶ ወይም ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ከመጣ፣ ወይም ጥርሱ ሊሞላ በማይችል መጠን ከበሰበሰ ግን ይውጣ ይላል።

ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦

1. የጥርሱ ሥር ከነርቩ ምን ያህል ይቀርባል? የታችኛው መንጋጋ ነርቭ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛል። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ አልፎ አልፎ ግን ይቀራል።
2. ባይነቀል ምን ይመጣል?
3. ዋጋው ስንት ነው? ኢንሹራንሱ ይከፍላል?

እርግዝና ካለ፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳታፍሩ ንገሩ።

እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። በነዚያ ቀናት ምንጣፍ ማንሣትና ከባድ ሥራ አይመከርም። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ሌሊት ሁሉ በማያድርበት ጊዜ እንጂ በረመዳን ዋዜማ ቀጠሮ አትያዙ። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሐኪም ወረቀት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ዕረፍት ደንግጎ ነበር። ወረቀቱን ሳትቀበሉ ከክሊኒክ አትውጡ፤ ለማዳም ከቃል ይልቅ ወረቀት ይናገራል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ። አስፕሪን ድድ ላይ አታስቀምጡ፤ ያቃጥላል። አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እህታችን ጠይቃ ወሰነች። ወረቀቱን ለማዳም አሳየች፣ አራት ቀን ዐረፈች። «ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ ነበር የጎዳኝ» ብላናለች።