ከጀልባው ቀለም በፊት የሞተሩ ዘይት ይታይ

ያገለገለ ጀልባ ለሽያጭ ሲቀርብ የገዥ ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ይነሣል፤ በአንድ ጉተታ ከተነሣና ጭሱ ካልበዛ ዋጋው ይቆረጣል። ጎንበስ ብሎ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን የሞተሩን የታችኛውን ክፍል የሚያይ ጥቂት ነው። ስንጥቁ የሚደበቀው ደግሞ እዚያ ነው። በብድር የተገዛ ጀልባ በአቢይ ጾም፣ የዓሣ ገበያ በደራበት ወቅት፣ ዳር ላይ ተጎትቶ ከቆመ የማኅበሩ ገቢ ይቋረጣል፤ ብድሩ ግን መከፈሉን ይቀጥላል።

በጣና ሐይቅ በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ዓሣ ማስገር የተጀመረው በ1970ዎቹ ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው የደንገል ታንኳ ነበር። ታንኳ ዛሬም አልጠፋም፤ ዘይትም ነዳጅም አይጠይቅም፤ የሚይዘው መረብና የሚጭነው ዓሣ ግን ውስን ነው። ቆሮሶና አምባዛ በብዛት ለገበያ ለማቅረብ የሚሻ ማኅበር ሞተር ያስፈልገዋል። አዲስ ሞተር ውድ በመሆኑም ብዙዎች ያገለገለውን ያማትራሉ።

ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር የታችኛው ክፍል ከአልሙኒየም የተሠራ ቤት ነው። ከላይ የሚወርደው የቆመ ዘንግ ኃይሉን በማርሽ ጥርሶች አማካይነት ለተጋደመው የፕሮፔለር ዘንግ ያቀብላል። ማርሾቹና ኩሽኔታዎቹ የሚሠሩት በዘይት ተነክረው ነው። ቤቱ ዘይቱን ከውስጥ፣ ውኃውን ከውጭ የሚይዝ ብቸኛ ግድግዳ ነው። ግድግዳው እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ከተከፈተ ዘይቱ ወደ ሐይቁ ይወጣል፤ ውኃው በቦታው ይገባል፤ ማርሹም ያለ በቂ ቅባት እየተፋጨ ያልቃል። ጉዳቱ በማርሹ ብቻ አይወሰንም፤ ሐይቁ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ውኃ ነው።

ስንጥቅ የሚመጣው በአብዛኛው ከምት ነው። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ቢሆንም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳርቻውና የደሴቶቹ ዙሪያ በብዙ ቦታ ድንጋያማ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ውኃው ዝቅ ሲል ትናንት ከላዩ የታለፈ ድንጋይ ዛሬ ሞተሩን ይመታል። ሞተሩን ሳያነሡ ጀልባውን ወደ ዳር መጎተትም ሆነ በመኪና ሲጫን ሞተሩን ያለ ድጋፍ አንጠልጥሎ ኮረኮንች ላይ መንዳት የዚያኑ ያህል ይጎዳል። እምቦጭ ፕሮፔለሩን አንቆ ሞተሩን ከመጠን በላይ ያስጨንቃል፤ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውንም ይደፍናል። በጣም የሚዘነጋው ግን የመረብ ክር ነው። ቀጭን የናይሎን ክር ከፕሮፔለሩ ኋላ ዘንጉ ላይ ሲጠመጠም ኦይል ሲሉን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ቤቱ ሳይሰነጠቅ ውኃ ይገባል፤ ባለቤቱም ያልተሰነጠቀ ቤት ለማስበየድ ገንዘቡን ያወጣል።

ለዚህ ነው ምርመራው በዘይቱ የሚጀምረው። ሞተሩ ሌሊቱን ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ጠዋት ሳይነሣ የታችኛው የዘይት ብሎን በጥንቃቄ ይላላ። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከገባ አስቀድሞ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከወጣ ውኃና ዘይት አብረው ተፈጭተዋል ማለት ነው። ጭራሽ ዘይት ከሌለው ሻጩ ምንም ቢል መግዛት አያዋጣም። በብሎኑ ጫፍ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብረት መታየቱ የተለመደ ነው፤ ስባሪ ከተገኘ ግን ማርሹ ተጎድቷል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለማኅበራት የጀልባ ግዥ የሚያመቻቹ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይህን ፍተሻ የርክክቡ አካል ቢያደርጉት፣ ክፍያም ዘይቱ ታይቶ እንዲፈጸም ቢዋዋሉ፣ ከኋላ የሚመጣው ክርክር ይቀራል።

ውኃ መግባቱ ከታወቀ በኋላ በየት እንደገባ መለየት ያስፈልጋል። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ በአንዱ ብሎን ቀዳዳ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ይታሰራል፤ ሌላው ይዘጋል። ከአንድ ባር ያነሰ አየር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ራሱ ኦይል ሲሉን ሊያስወጣው ይችላል። የሳሙና አረፋ ሲቀባ ወይም ቤቱ በርሜል ውኃ ውስጥ ሲነከር አረፋው ከዘንጉ ዙሪያ ከወጣ ችግሩ የጎማው ነው። ከአልሙኒየሙ ገላ ከወጣ ስንጥቅ አለ።

የጥገናውን ዓይነት የሚወስነው የስንጥቁ ርዝመት ሳይሆን ቦታው ነው። ከፕሮፔለሩ በታች እንደ ቅጠል የወጣው ክንፍ ብቻ ከተሰበረ ከኋላው ዘይት ስለሌለ ጥገናው ቀላል ነው። የዘይቱ ቤት ላይ ያለ ትንሽ ስንጥቅ፣ ጭነት ከሚሸከም ቦታ ከራቀ፣ ለብረት በተሠራ ባለ ሁለት ቱቦ ኤፖክሲ ሊደፈን ይችላል። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች እንዳይራመዱ በትራፓኖ በቀጭኑ ይበሳሉ፤ ስንጥቁ በሊማ ተከፍቶ ቦይ ይሠራለታል፤ ቀለሙ ተፍቆ ዙሪያው በብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ከዚያ በአሴቶን ደጋግሞ መጥረግ ነው። ቤንዚን ቅባት ስለሚተው አይሆንም። ኤፖክሲ ዘይት በነካው ብረት ላይ አይዝም፤ አብዛኛው ጥገና የሚፈርሰውም በዚህ ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳይሞላ ጀልባው ውኃ አይነካም።

ስንጥቁ ረዘም ያለ ከሆነ አልሙኒየም የለመደ የአርጎን በያጅ ያስፈልጋል። ተራ የብረት ብየዳ ቤቱን ያበላሸዋል። ከብየዳው በፊት ማርሹ፣ ኩሽኔታውና ኦይል ሲሉ በሙሉ መውጣት አለባቸው፤ እሳቱ ጎማውን ያቃጥላል፤ የኩሽኔታውን መቀመጫም ያጣምማል። ስንጥቁ በመቀመጫው በራሱ ወይም ከላይኛው ክፍል ጋር በሚታሰርበት አፍ ላይ ካለፈ ግን መበየድ ገንዘብ ማባከን ነው። ቤቱ ይቀየር።

ከጥገናው በኋላ የአየር ፍተሻው ይደገማል። ዘይቱ የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ነው፤ በላይኛው ያለ አረፋ እስኪፈስ ድረስ ይገፋል፤ አስቀድሞ የላይኛው፣ ቀጥሎ የታችኛው ብሎን በአዲስ ጓርኒሲዮን ይታሰራል። ከላይ ከተሞላ አየር ተቀብሮ ይቀርና ዘይቱ የሞላ ይመስላል። የመጀመሪያው ጉዞ ከዳር ሳይርቅ ይሁን፤ በማግስቱ ጠዋት የታችኛው ብሎን እንደገና ትንሽ ይላላ። ዘይቱ አሁንም ወተት ከመሰለ ሌላ ቀዳዳ አለና መረቡ ከመጫኑ በፊት ሞተሩ ተመልሶ ይፈተሽ።