ተጨማሪ መረጃ፦ በጥቂት እጆች የሚሰማ የደወል ዜማ

በቅዳሴ ጊዜ የቃጭልን ድምፅ የለመደ ተማሪ፥ በእንግሊዝ አገር የእጅ ደወል ለዜማ መሣሪያነት መዋሉን ሲሰማ ነገሩ እጅግ እንግዳ አይሆንበትም። እነዚህ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅልቅል የሚሠሩ ደወሎች፥ የቤተ ክርስቲያን ደዋዮች በብርድ ግንብ ላይ ቆመው መንደሩን በልምምዳቸው ከማወክ ይልቅ፥ በቤት ውስጥ ሆነው የደወሉን ተራ እንዲያጠኑባቸው የተዘጋጁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1902 ማርጋሬት ኒኮልስ የተባለች አሜሪካዊት ከሎንዶን ጥቂቶቹን ይዛ ወደ ቦስተን ተመለሰች፤ በ1923ም የቢከን ሂል ደዋዮችን ማኅበር መሠረተች።

በትልቅ ጓድ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው በአብዛኛው ሁለት ደወል ይዞ የራሱን ተራ ይጠብቃል። አራት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ግን፥ የደወሉ ምላስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን ስለማይወዛወዝ፥ ደዋዩ በአንድ እጁ ሁለት ደወሎችን እጀታቸውን አጣምሮ ይይዛል፤ አንደኛውን እጁን ወደ ፊት በመሰንዘር፥ ሁለተኛውን አንጓውን ወደ ጎን በማዞር እየለየ ያሰማል፤ ድምፁ ሊቆም ሲገባውም የደወሉን ከንፈር ከትከሻው ወይም ከደረቱ ያስጠጋል። ይህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፥ አንዱ ዜማ በአራት ሰዎች መካከል ተከፋፍሎ ሳለ ለሰሚው እንደ አንድ እስትንፋስ የሚደርስ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም መሪ የሌላቸው ደዋዮች ዓይን ለዓይን እየተያዩ፥ ትንፋሻቸውን አስተባብረው ይጀምራሉ። ለስላሳው ድምፅ በሰፊ አዳራሽ ስለሚጠፋ፥ አድማጩ በቅርብ ቢቀመጥ ይመረጣል። የእጅ ላብ ነሐሱን ስለሚያጠቁረው ብዙዎቹ ጓንት ያደርጋሉ።