የአዳማን ቆሻሻ ማን ይገዛዋል?

አዳማ ውስጥ ገዢ የሌለው ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። የለስላሳና የውኃ ፕላስቲክ በኪሎ ይሸጣል። ካርቶኑን፣ ብረታ ብረቱን፣ ያረጀውን ጫማ ሳይቀር ቆራሌው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ይለቅመዋል። ለዚህ ንግድ ጥናት ያስጠናለት፣ ለጋሽ ያፈላለገለት የለም፤ ገበያው ራሱ ፈጥሮታል። ገዢ ያጣው ሌላው ነው፦ የአትክልት ተራው ቅጠልና የፈረጠ ቲማቲም፣ የሆቴሉ ትርፍራፊ፣ የጭማቂ ቤቱ ልጣጭ፣ የጫቱ ገረባ። በአገራችን ከተሞች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ደግሞ ከግማሽ በላዩ ይኸው የሚበሰብሰው ነው።

ነገሩ የጽዳት ብቻ አይደለም። ናዝሬት ስትባል የኖረችው አዳማ በኮረብቶች መሀል በተኛ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። በክረምት ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ መውጫው ቦዩ ነው። ቦዩ በቆሻሻ ከተደፈነ ውኃው ወደ ሱቅና መጋዘን ይገባል፤ ነጋዴው ያልከፈለውን የጽዳት ሂሳብ በበሰበሰ ስኳርና ሲሚንቶ ይከፍላል። ከዚህ የከፋውንም አገሩ አይቷል። በአዲስ አበባ ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው ይታወሳል።

አዳማ በዚሁ ዘመን ግድም ከቢሾፍቱ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር፣ ከመቀሌና ከድሬዳዋ ጋር በአንድ የጋራ ፕሮጀክት ታቅፋ ነበር። ገንዘቡን የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድ፣ አመራሩን የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና በወቅቱ የከተማ ልማት ሚኒስቴር፣ መሬቱንና ቆሻሻውን ከተሞቹ፣ ጉልበቱን የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ያዋጡበት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚበሰብሰው ቆሻሻ ተለይቶ ኮምፖስት ይሆናል፤ ኮምፖስቱ ለከተማ አረንጓዴ ቦታና ለደን ተከላ ይውላል። ቆሻሻው አየር በሌለበት ተቀብሮ ቢበሰብስ ኖሮ ያወጣው የነበረው ሚቴንም ይቀራል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ ለጋሹ የሚገዛው ይህንን ቅናሽ ነው። ከተማው የሚገዛው ጽዳት ነው። ኮምፖስቱን ግን ማን ይግዛው?

አሠራሩ ብዙ ምሥጢር የለውም። እርጥቡ ከደረቅ ቅጠልና ከገለባ ጋር ተመጥኖ ይከመራል፤ ክምሩ ውስጥ ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ የአረም ዘርና በሽታ አምጪው ይሞታል፤ እየተገላበጠ፣ ውኃ እየተረጨ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ ይነፋል። በሂደቱ ክብደቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። 100 ኩንታል ጥሬ ያስገባ ሰው ከ50 ኩንታል በላይ ባይጠብቅ ይሻለዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ሚዛን ላይ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። በደንብ የተሠራ የከተማ ኮምፖስት በኩንታል ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢይዝ ነው። አንድ ተኩል ኪሎ ተብሎ ቢታሰብ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያን ለመተካት ከ30 ኩንታል በላይ ኮምፖስት ያስፈልጋል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ሙሉውን ኮምፖስት ጭኖ ቢሄድ ያደረሰው ናይትሮጅን ከሁለት ኩንታል ዩሪያ ያነሰ ነው። ሁለት ኩንታል ዩሪያ ደግሞ በአዳማ ጋሪም ይሄዳል። በዚህ ላይ ዩሪያው ከጅቡቲ ተጭኖ በአዳማ በኩል አልፎ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት ሲከፋፈል መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ይደጉመዋል። ኮምፖስት የሚወዳደረው ከተደጎመ ዋጋ ጋር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፖስትን በናይትሮጅኑ ልሽጥ ያለ ነጋዴ ገና ከበሩ ሲወጣ ከስሯል።

የኮምፖስት ዋጋው ሌላ ነው። የስምጥ ሸለቆው ቀላልና አሸዋማ አፈር ውኃ አይዝም፤ ኮምፖስት የገባበት መሬት ግን እርጥበት ያቆያል፤ ዩሪያውም ታጥቦ እንዳይሄድ ይረዳል። በመቂና በባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ለሚያለማ ሰው ይህ የናፍጣ ቁጠባ ነው። ግን ጥቅሙ በአንድ ወቅት አይታይም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠይቃል። በዚያ አካባቢ የመስኖ መሬት ብዙ ጊዜ የሚለማው ደግሞ በደላላ ተገናኝቶ ለአንድ ምርት በሚደረግ ኪራይ ወይም በእኩል ነው። በየካቲት ለሌላ ሰው ለሚለቀው መሬት ማን አፈር ያደልባል? የአፈሩ ጤና የባለመሬቱ፣ የዘንድሮው ትርፍ የተከራዩ ነው። ኮምፖስት እንዳይሸጥ ያደረገው የገበሬው አለማወቅ ነው የሚሉ አሉ፤ ገበሬው ግን ሂሳቡን አሳምሮ ያውቃል።

ጥሬ ዕቃውም ተፎካካሪ አለው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከአዳማ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጭማቂው ማጣሪያ የሚወጣው ዝቃጭ ራሱ ማዳበሪያ ነው። ቢሾፍቱ የዶሮ እርባታ አገር ናት፤ የዶሮ ኩስ ከከተማ ኮምፖስት በናይትሮጅን ይበልጣል። ብልህ ነጋዴ ግን እነዚህን እንደ ጠላት አያያቸውም። የከተማውን ብስባሽ ከኩሱ ጋር ቢያደባልቅ አንድ ኩንታል የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ መንገዱም ቅርብ ነው። ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣውን ክሮም ያለበት ዝቃጭ ግን ወደ ክምሩ ማስገባት አይገባም። አንድ ጊዜ የተበከለ ጭነት ከወጣ ስሙን የሚያድነው ቅናሽ አይኖርም።

ባንግላዴሽ፣ ዳካ ላይ ዌስት ኮንሰርን የተባለው ድርጅት ከ1987 ዓ.ም. አንሥቶ ይህንኑ ሥራ ሲሠራ መጥቷል። ያዋጣው መንገድ ኮምፖስቱን ራሱ እየዞረ መቸርቸር ሳይሆን፣ የገጠር መረብ ላለው የማዳበሪያ አከፋፋይ በጅምላ ማስረከብ ነበር። አከፋፋዩ አበልጽጎ በራሱ ስም ይሸጠዋል። የካርቦን ሽያጭም ተጨምሮበታል። በእኛ አገር የማዳበሪያው መረብ በዩኒየኖች እጅ ስለሆነ ውሉ ከእነርሱ ጋር መጀመር አለበት።

ዋናው ገዢ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። በአንድ ከረጢት ኮምፖስት ውስጥ ሁለት ዕቃ ይሸጣል፦ ለገበሬው አፈር፣ ለከተማው ደግሞ ያልተጓጓዘና ያልተቀበረ ቆሻሻ። ሁለተኛውን እስካሁን ከተማው የሚወስደው በነፃ ነው። አንድ ኩንታል ወደ ኮምፖስት በሄደ ቁጥር የመኪና ነዳጅና የመድፊያ ቦታ ይተርፋል፤ የተረፈው ግን አብስሎ ለሸጠው ማኅበር አይደርስም። አዲስ አበባ ውስጥ እንደታየው፣ የሰብሳቢ ማኅበራት ክፍያ በተጫነው ሜትር ኩብ በሚታሰብበት ቦታ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል፤ ቆሻሻውን የቀነሰ ገቢውን ይቀንሳል።

በዚህ ላይ የለጋሽ ገንዘብ ባሕርይ አለ። አዳማም የታቀፈችበት፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2000 ዓ.ም. የተጀመረውና በ2010 ዓ.ም. 117 ከተሞችን የያዘው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ከተሞችን በየዓመቱ እየገመገመ እንደ ውጤታቸው ገንዘብ ይለቅ ነበር። ኮብልስቶን፣ ቦይና መሰል ግንባታ ተሠርቶበታል። የሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ግን አይከፈልበትም ነበር። መጠለያና ማሽን በፕሮጀክት ይቆማል፤ ቆሻሻ መለየት የየቀን ሥራ ነው፤ የሚከፈለውም ከከተማው የራሱ ገቢ ነው። የፕሮጀክት ዕድሜ ሲያልቅ ብዙው የሚላላው እዚህ ጋ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የፀደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች ይህን ገቢ ሊያሰፋ ይችላል፤ ባለሕንፃውም ለከፈለው ታክስ ንጹሕ ቦይ የመጠየቅ መብት አለው።

ከተማው ሌላም የግዢ ጉልበት አለው። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው አረንጓዴ አሻራ ጀምሮ ችግኝ ጣቢያው ሁሉ አፈር ይፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማትም የመንገድ ዳር ሣርና ዛፍ ይዞ መጥቷል። ለዚህ የሚሆነው ኮምፖስት ከአዳማ ማኅበራት በዓመት ውል ቢገዛ፣ መጓጓዣው በጋሪ የሚያልቅ ገበያ ተገኘ ማለት ነው።

ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ባለገንዘብ ከማሽን ዋጋ በፊት ሦስት ወረቀት ቢያይ ይጠቅመዋል። የቦታው ውል ስንት ዓመት ነው? ከአትክልት ተራና ከሆቴሎች ተለይቶ የሚመጣ ጥሬ ዕቃ የሚያስገኝ ስምምነት አለ? ከተማውስ በቶን የሚከፍለው አለ ወይ? ሦስተኛው ከሌለ የከረጢቱ ሽያጭ ብቻውን ወጪውን መሸፈኑ ያጠራጥራል። የወቅቱም ነገር አለ። የመስኖ ሽንኩርት ተካይ ኮምፖስት የሚፈልገው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ለዚያ የሚደርሰው ክምር በሐምሌ፣ ዝናቡ እያበሰበሰው ይጀመራል። ጣሪያ ያስፈልጋል፤ ለሦስት ወር የቀን ሠራተኛ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብም ያስፈልጋል። ክምሩን መያዣ አድርጎ የሚያበድር ባንክ ደግሞ አይገኝም።