ዋንጫ የሚበቅልበት አፈር

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲኬድ፣ መንገዱ ኮረብታ ቆርጦ ባለፈበት ሁሉ ዳሩ ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ክላዶኒያን ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ይህ ነው። ክላዶኒያ አፈር ላይ የምትኖር ትንሽ ሊቸን ናት፤ አስታና ጥድ ላይ ተንዠርግጎ የምናየው የዛፍ ሽበት ዘመድ።

ሊቸን የፈንገስና የአልጌ ጥምረት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር በ1867 እ.ኤ.አ. ይህን ሲናገር አምርረው የተቃወሙት ራሳቸው የሊቸን አጥኚዎች ነበሩ። ፈንገሱ ገላውን ይሠራል፤ አልጌው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ክላዶኒያ ሥር ስለሌላት የምትጠጣው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ከሚወጣው ጉም ነው። በጋ ያደርቃታል እንጂ አይገድላትም።

ለመለየት 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ይያዙ። መጀመሪያ አፈሩ ላይ የተለጠፉ ቅርፊቶች ይታያሉ፤ ላያቸው አመድማ አረንጓዴ፣ ታቻቸው ነጭ። ከመሃላቸው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውስጡ ባዶ ዘንግ ይወጣና ጫፉ እንደ ዋንጫ ይከፈታል። ቁም ነገሩ ዋንጫው ውስጥ ነው። ደቃቅ ቅርፊት ካለበት ክላዶኒያ ፒክሲዳታን፣ ሻካራ ፍርፋሪ ከሆነ ክሎሮፌያን፣ የላመ ዱቄት ከሆነ ፊምብሪያታን ይጠርጥሩ። ከንፈሩ ላይ ደማቅ ቀይ ፍሬ ካለ ግን ሌላ ወገን ነው። ፍርፋሪው ፈንገሱንም አልጌውንም አብሮ የያዘ መራቢያ ነው፤ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍበት ወደ ውጭ ይረጫል።

የታረሰ መሬት ላይ አይፈልጓት። እድገቷ አዝጋሚ ስለሆነ ማረሻ ፋታ አይሰጣትም፤ ጓል ተከምሮ የተጋየበት የገብስ ማሳማ አይነሣ። ደብረ ብርሃን ዙሪያውን የሞላው ባሕር ዛፍም በቅጠሉ ይቀብራታል። የምትወደው ሣር ያልወረሰው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ አሲድነት ያለው አፈር ነው። የወፍ ዋሻ ደን ዳርቻና ከፍ ብሎ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ መፈለጊያዎቿ ናቸው።

ናሙና ሲወስዱ ከሥሯ ስስ አፈር ጨምረው በወረቀት ፖስታ ይያዙ፤ ፌስታል ያሻግታታል። ከፍታውን፣ የተዳፋቱን አቅጣጫና የአፈሩን ዓይነት እዚያው ይጻፉ። የክሎሮፌያ ወገን አባላት በዓይን ብቻ አይለዩም፤ በውስጣቸው ያለው አሲድ በላቦራቶሪ መታየት አለበት። ፖስታው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚሄድ ቢሆን እንኳ እስኪፈተሽ ድረስ «የክሎሮፌያ ወገን» ብሎ መጻፍ ይሻላል።