ወገብ ሲታመም ደም ይመርመር

ለቡ ውስጥ ወገቡን አሞት የማያውቅ ጎልማሳ ማግኘት ይከብዳል። ቤት ያሠራ ሰው በአሸዋና በሲሚንቶ ሸክም ያሳብባል፤ ጎረቤት ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው በደረጃው፤ ከለቡ ሜክሲኮ በሚኒባስ የሚመላለሰው በወንበሩ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው፤ ሕመሙም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። እዚህ የማነሳው የማይለቀውን ነው፦ ሌሊት ሲገላበጡ የሚያባንነውን፣ ከወር ወር የሚብሰውን፣ ድካምና ደም ማነስ የሚከተሉትን። ከእንዲህ ያለው ሕመም ጀርባ አንዳንዴ መልቲፕል ማይሎማ የሚባል የአጥንት መቅኔ ካንሰር ይገኛል። ካንሰሩ ብዙም የታወቀ አይደለም። ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ ለዓመታት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው የሚኖሩ መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ አልታወቀም።

መቅኔ የደም ሴሎች የሚመረቱበት ቦታ ነው። እዚያ ከሚኖሩት መካከል ፕላዝማ ሴሎች የሚባሉት ሥራቸው ፀረ እንግዳ አካላትን፣ ማለትም ተህዋስያንን የሚዋጉ ፕሮቲኖችን መሥራት ነው። ጤነኛ ሰው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፕሮቲን የሚሠሩ እጅግ ብዙ ዓይነት ፕላዝማ ሴሎች አሉት። በማይሎማ ጊዜ ግን ከእነዚህ አንዷ ልጓም አጥታ ራሷን ታባዛለች፤ ዘሮቿም ሁሉ ያንኑ አንድ ዓይነት፣ ለምንም የማይጠቅም ፕሮቲን ያመርታሉ። ከዚያ በኋላ ጉዳቱ በአራት አቅጣጫ ይመጣል። የአጥንትን አሮጌ ክፍል የሚበሉት ሴሎች ከልክ በላይ ይነቃቃሉ፤ አዲስ የሚገነቡት ይዳከማሉ፤ አጥንቱም ይቦረቦራል። ከአጥንቱ የወጣው ካልሲየም ደም ውስጥ ሲበዛ ጥማት፣ የሆድ ድርቀትና መደነጋገር ያመጣል። የፕሮቲኑ ጥቃቅን ስብርባሪዎች የኩላሊትን ቱቦዎች ይደፍናሉ። መቅኔው በካንሰሩ ሲያዝ ደግሞ ቀይ የደም ሴል ያንሳል። በዚህ ላይ የሚጠቅሙት ፀረ እንግዳ አካላት ስለሚቀንሱ የሳንባ ምች መመላለስ ይጀምራል።

በሽታው ተንኮለኛ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክቱ እኛ ዘንድ ሌላ የለመድነው ስም አለው። የደም ማነሱ የምግብ ጉድለት ይባልና የአይረን ክኒን ይታዘዝለታል። የአከርካሪው መሰበር የአከርካሪ ቲቢ ሊመስል ይችላል፤ ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪም ይህን ቀድሞ ማሰቡም አያስወቅሰውም። ራጅ ተነስቶ ምንም አልታየም ማለት ደግሞ ምንም የለም ማለት አይደለም፤ አጥንቱ ሢሶ ያህሉን ሳያጣ ጉዳቱ በራጅ ላይ ጎልቶ አይወጣም። በተለመደው የሽንት ምርመራ የሚነከረው ወረቀትም የሚለየው በዋናነት አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ስለሆነ የማይሎማው ፕሮቲን ሊያመልጠው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ሁለት ልማዶች ናቸው። አንደኛው ዳይክሎፌናክ ነው። ከሰፈር ፋርማሲ በክኒንም በመርፌም ተገዝቶ ለወራት ይወሰዳል። ይህና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች በማይሎማ የተጨናነቀን ኩላሊት ከነአካቴው ሊያቆሙት ይችላሉ። ሁለተኛው ወጌሻ ነው። ለውልቃት የተካኑ እጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የተቦረቦረ አከርካሪ ግን ሲታሽና ሲጫኑት ሊሰበር፣ ሕብለ ሰረሰርንም ሊጎዳ ይችላል። እግር ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምርመራ ከባድ አይደለም። የደም ቆጠራ (ሲቢሲ)፣ ኢኤስአር፣ ክሬቲኒን፣ ካልሲየምና አጠቃላይ ፕሮቲን ተሠርተው ውጤታቸው አንድ ላይ ከተነበበ ጥርጣሬውን ይጭራሉ። ከዚያ የደምን ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለየው ኤሌክትሮፎሬሲስ ይከተላል፤ ይህን ዘዴ በ1930ዎቹ ያሻሻለው ስዊድናዊው አርነ ቲሴሊየስ በ1948 ኖቤል ተሸልሞበታል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ማረጋገጫው ከመቅኔ የሚወሰድ ናሙና ነው። ፕሮቲኑ የተገኘበት ሰው ሁሉ ግን ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ካለፈ 100 ሰዎች በሦስት ያህሉ ደም ውስጥ ያለ ምንም ጉዳት ይገኛል፤ በዓመት ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከመቶ አንዱ ገደማ ነው። ለእነዚህ ክትትል እንጂ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች በሽታው በጥቁሮች ላይ ከነጮች እጥፍ ያህል ይታያል፤ ቀደም ባለ ዕድሜም ይመጣል። ስለዚህ የሩቅ ሰዎች በሽታ አድርገን ልናየው አይገባም።

በ1844 ለንደን ውስጥ ሳራ ኒውበሪ የምትባል የ39 ዓመት ሴት በዚሁ በሽታ አጥንቶቿ ተሰባብረው ሞተች፤ ሐኪሞቿ ከሰጧት መድኃኒት አንዱ የብርቱካን ልጣጭ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ፣ ሜልፋላን የሚባለው መድኃኒት ከፕሬድኒሶን ጋር መሰጠት ሲጀምር ታማሚዎች በአማካይ ሦስት ዓመት ገደማ መኖር ቻሉ። በ1983 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ሜልፋላን በከፍተኛ መጠን ተሞከረ፤ ለታማሚው ከራሱ የተወሰዱ የመቅኔ ዘር ሴሎች ተመልሰው የሚሰጡበት ሕክምና ከዚያ አደገ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ታሊዶማይድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለእንቅልፍና ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ይሸጥ ነበር፤ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ ምክንያት ሆኖ በ1961 ከገበያ ተነሳ። በ1997 ማይሎማ የያዘው አንድ ወጣት የኒው ዮርክ የልብ ሐኪም ባለቤት መፍትሔ ስታፈላልግ ጁዳ ፎክማን ለሚባለው ተመራማሪ ስልክ ደወለች። እሱም ታሊዶማይድ እንዲሞከር ሐሳብ አቀረበ። ባሏን አላዳነውም። በአርካንሳው ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ መድኃኒት አልሠራ ያላቸው 84 ታማሚዎች ተሰጥቷቸው ሢሶ ያህሉ ለውጥ አሳዩ፤ ውጤቱም በ1999 ታተመ። ያቺ ሴት ስልኩን ባታነሳ ኖሮ ይህ ግኝት ስንት ዓመት ይዘገይ ነበር እያልኩ አስባለሁ። የታሊዶማይድ የቅርብ ዘመድ ሌናሊዶማይድ በ2006 አሜሪካ ውስጥ ለማይሎማ ተፈቀደ። የሚሠራበት መንገድ የታወቀው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው፦ ካንሰሩ የሚመካባቸውን ሁለት ፕሮቲኖች የሴሉ የራሱ ማስወገጃ እንዲያጠፋቸው ያደርጋል።

በ2003 የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሴል ያረጀና የተበላሸ ፕሮቲን የሚፈጭበት ፕሮቲያዞም የሚባል መሣሪያ አለው፤ መድኃኒቱ ይህን ይዘጋዋል። ሌት ተቀን ፕሮቲን የሚያመርት የማይሎማ ሴል ያኔ ቆሻሻ እንደማይነሳለት ሰፈር ይሆናል፤ የራሱ ትርፍ አፍኖ ይገድለዋል። በ2015 በካንሰሩ ሴል ገጽ ላይ ያለን ምልክት ፈልጎ የሚይዘው ዳራቱሙማብ፣ በ2021 ደግሞ ከታማሚው የተወሰዱ ነጭ የደም ሴሎችን አሠልጥኖ የሚመልሰው ካር ቲ ሕክምና ተጨመሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ከአራት ታማሚዎች አምስት ዓመት የሚኖረው አንዱ ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ከ60 በላይ ናቸው። ለአብዛኞቹ በሽታው ፈጽሞ አይጠፋም። ይተኛል፣ ይመለሳል፣ በሌላ መድኃኒት እንደገና ይተኛል።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ ዳራቱሙማብና ካር ቲ፣ ዋጋቸው ከአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አቅም በላይ ነው። ሜልፋላን፣ ታሊዶማይድ፣ ቦርቴዞሚብና ሌናሊዶማይድ ግን በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለማይሎማ ገብተዋል፤ ህንድ ውስጥም በጀነሪክ ይመረታሉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው «ለካንሰር እዚህ ምን አለ?» ብሎ ቤቱ የሚቀር ሰው ስላለ ነው። ከለቡ ሜክሲኮ፣ ከዚያም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቢደርስ የደም ሕክምና ስፔሻሊስቶች አሉ። ከ1997 ጀምሮ የጨረር ሕክምናም እዚያ ይሰጣል፤ ጨረር የአጥንቱን ሕመም በእጅጉ ያስታግሳል።

በሕክምና ላይ ያለ ሰው የዕለት ኑሮም ብልሃት ይጠይቃል። ኩላሊትን የሚጠብቀው አንዱ ነገር ውሃ በብዛት መጠጣት ነው፤ ስለዚህ ጾም ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር የሚመከርበት ጉዳይ ነው። ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን እንቅልፍ ስለሚነሳ ጠዋት፣ ምግብ ተበልቶ ይወሰዳል፤ ስኳርም ከፍ ስለሚያደርግ ይለካል። ቦርቴዞሚብ አልማዝ ባለጭራን ሊቀሰቅስ ስለሚችል አሲክሎቪር አብሮ ይታዘዛል፤ የእግር ጣት መደንዘዝ ሲጀምር ለሐኪም ከተነገረ መጠኑ ይስተካከላል። አጥንት የሚያጠነክረው ዞሌድሮኒክ አሲድ ከመጀመሩ በፊት ጥርስ መታየት አለበት፤ በኋላ ጥርስ ቢነቀል መንጋጋው ላይድን ይችላል። ትኩሳት ካለ አይታደርም። የሃያ አምስት ኪሎውን ጤፍ ሌላ ሰው ይሸከመው፤ እግር ጉዞ ግን ሐኪሙ ከፈቀደ ለአጥንትም ለመንፈስም ይበጃል።

ቤተሰብ ሊያግዝ የሚችልበት ዋናው ነገር መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው። መሻሻል ሲታይ «ዳነ» ተብሎ የሚተው ሕክምና ካንሰሩ እንዲያገግም ጊዜ ይሰጠዋል። ገንዘብ የሚያሰባስቡ ዘመዶች ለአንድ ዙር ብቻ ሳይሆን ለወራት ያቅዱ፤ የሚቀጥለው ዙር ቀኑ ሳይደርስም መድኃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።