የከተማ አየር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት ለሳንባ ሕመምተኞች ምን ይነግራል?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለምና ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ስንተነፍስ እናስወጣዋለን፤ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ እንጨትና ከሰል ሲቃጠሉም ይወጣል። አንዳንድ ከተሞች ዋጋቸው ዝቅ ያሉ መለኪያዎችን በየሰፈሩ ተክለው ይህን ጋዝ ይከታተላሉ። በቤተሰብዎ ውስጥ አስም ወይም ሌላ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ካለ፣ ቁጥሩ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቅ ይጠቅማል።

መለኪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

መሣሪያው ኢንፍራሬድ የሚባል ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይለቃል። ጋዙ ከብርሃኑ የተወሰነውን ስለሚውጥ፣ የሚቀረው ብርሃን ባነሰ ቁጥር የጋዙ መጠን ከፍ ያለ ነው። ርካሽ መለኪያዎች ሙቀትና እርጥበት ሊያሳስቷቸው ስለሚችሉ በየጊዜው ከአስተማማኝ መሣሪያ ጋር ተነጻጽረው ይስተካከላሉ። ጥቅማቸው ብዙ ቦታ መሸፈናቸው ነው። በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በ2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት መለኪያዎችን ተክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት እንቅስቃሴ ሲገደብ፣ ከተሽከርካሪዎች የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግማሽ ገደማ መቀነሱን በእነዚህ መለኪያዎች አይተዋል።

ከቤት ውጭ ያለው ቁጥር ይጎዳል?

ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ420 በላይ ይይዛል። መኪና በሚበዛበት መንገድ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ይህ መጠን ግን በራሱ ሳንባን አይጎዳም። የሚጎዱት ከዚያው ጭስ ጋር የሚወጡት ጥቃቅን ብናኞችና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ናቸው። ስለዚህ ሕመምተኛው ከቤት ከመውጣቱ በፊት የብናኝ (ፒኤም 2.5) ልኬት ካለ እሱን ይመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት የ24 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ቤት ውስጥስ?

ሰው በተሰበሰበበት ዝግ ክፍል ቁጥሩ ከ1,000 በላይ ከወጣ አየሩ በደንብ እየተለወጠ አይደለም፤ ሌላው ሰው ያስወጣውን አየር መልሰው እየሳቡ ነው ማለት ነው። ጉንፋንና የሳንባ ነቀርሳ በእንዲህ ያለ ክፍል በቀላሉ ይተላለፋሉ። መስኮት ይክፈቱ።

በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድስ?

ሐኪም «በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምሯል» ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳንባው ጋዙን በበቂ ሁኔታ ማስወጣት አልቻለም ማለት ነው። ምክንያቱ የከተማው አየር አይደለም፤ ሕክምና ይፈልጋል።

ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር አያምታቱ

ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚገድለው ሌላ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። እሱም ሽታ የለውም፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያም አያሳየውም። ከሰሉ ፍም ሆኖ መጨሱን ቢያቆምም ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቡና የተፈላበትን ወይም ቤት ያሞቀውን የከሰል ምድጃ ሳያወጡ አይተኙ።

መቼ ወደ ሐኪም ልሂድ?

ከሰል በነደደበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደናገር ከታየ ሁሉንም ሰው ወዲያውኑ ወደ ውጭ አውጥተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። የአስም ሕመምተኛም በሚነፋ መድኃኒት ካልተሻለው፣ ለመናገር ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት። የመለኪያ ቁጥር ዝቅ ማለቱ ምልክቱን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም።