«ቢሆን ኖሮ»፦ ያልተፈጸመ ድርጊት እርባታ

ቀጥሎ የቀረቡትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. በዋግ ኽምራ፣ በዝቋላ፣ ዝናቡ በጊዜው ከጣለ ማሽላው ያፈራል።
ለ. ዝናቡ በጊዜው ቢጥል ኖሮ ማሽላው ባፈራ ነበር።

በ«ሀ» ዝናቡ ገና ይጠበቃል። በ«ለ» ግን ዝናቡ አልጣለም፤ ማሽላውም አላፈራም። የጥገኛው ሐረግ ግስ በ«ብ» ተነሥቶ «ኖሮ»ን ያስከትላል፤ የዋናው ሐረግ ኀላፊ ግስ «በ»ን ተቀብሎ በ«ነበር» ይዘጋል። «ኖሮ»ና «ነበር» በመደብ አይለወጡም፤ የሚረቡት ሁለቱ ግሶች ናቸው።

እኔ ብሰማ ኖሮ በመጣሁ ነበር።
አንተ ብትሰማ ኖሮ በመጣህ ነበር።
አንቺ ብትሰሚ ኖሮ በመጣሽ ነበር።
እርሱ ቢሰማ ኖሮ በመጣ ነበር።
እርስዋ ብትሰማ ኖሮ በመጣች ነበር።
እኛ ብንሰማ ኖሮ በመጣን ነበር።
እናንተ ብትሰሙ ኖሮ በመጣችሁ ነበር።
እነርሱ ቢሰሙ ኖሮ በመጡ ነበር።

«ብትሰማ» ለአንተም ለእርስዋም ያገለግላል፤ ባለቤቱን የሚለየው የዋናው ግስ መድረሻ ነው።

አፍራሹ እንዲህ ነው፦ «በ1977 ዓ.ም. በዋግ ድርቁ ባይጸና ኖሮ ብዙ ሰው ባልተሰደደ ነበር።» ድርቁ ጸንቷል፤ ሰውም ተሰዷል።

ስለዚህ «እህል ከደረሰ ሕዝቡ ይተርፋል» ማለት ሲገባው «እህል ቢደርስ ኖሮ ሕዝቡ በተረፈ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው በሕይወት ያሉትን ከሙታን ይቈጥራል፤ አንባቢውም ጊዜው አልፏል ብሎ እርዳታውን ይተወዋል።

መልመጃ፦ «ተከዜ ስለ ሞላ ነጋዴዎቹ አልተሻገሩም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በ«ኖሮ» ለውጣችሁ ጻፉ።